የሱሉልታ 91 እና የሰበታ 91

 

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቁጥር ነው። ሕመምተኛ ይዞ ሐኪም ቤት የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነርሷ ትንሿን መሣሪያ ጣት ላይ ትቆነጥጥና ጥቂት ጠብቃ፣ «ሳቹሬሽኑ 91 ነው» ብላ ካርዱ ላይ ትጽፋለች። አስታማሚው ወዲያው «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሌሎች ጥያቄዎች ሳይጨመሩበት መልስ የለውም። 91 የተባለው ሱሉልታ ላይ ነው ወይስ ሰበታ? ሕመምተኛው ኦክስጅን ተደርጎለት ነው ወይስ ሳይደረግለት? ጣቱ በርዶ ነበር? ትናንትስ ስንት ነበር? ዓላማዬ ይህ ቁጥር ከሰው ሰው፣ ከቦታ ቦታ፣ ከሰዓት ሰዓት ለምን እንደሚለያይ ማስረዳት ነው። በመጀመሪያ ስለምንኖርበት ከፍታ፣ ቀጥሎ መሣሪያው ስለሚታለልባቸው ነገሮች፣ በመጨረሻም ሐኪም ቤት ውስጥ ኦክስጅን ለማን፣ ምን ያህል እንደሚሰጥ እናገራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምወስደው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ምክንያቱም እኛን የሱሉልታ፣ የቡራዩና የሰበታ ሰዎችን በተለይ የሚመለከተው እሱ ነው።

ስለ መሣሪያው ባጭሩ ልበል። ሐኪም ቤት ውስጥ ፐልስ ኦክሲሜትር ይባላል፤ በኮሮና ጊዜ በየፋርማሲው «የኦክስጅን መለኪያ» እየተባለ የተሸጠው እሱ ነው። በአንድ በኩል ሁለት ዓይነት ብርሃን ይለቃል፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝ ቀዩን ብርሃን በብዛት ያሳልፋል፤ ሳይይዝ ደግሞ ቀዩን ይውጠዋል። መሣሪያው በሌላው በኩል የደረሰውን ብርሃን አመዛዝኖ፣ ኦክስጅን ሊይዝ ከሚችለው ሄሞግሎቢን ስንት በመቶው እንደያዘ ይናገራል፤ ሳቹሬሽን የሚባለው ይህ ነው። ጣት ውስጥ ግን ደም ብቻ ሳይሆን ሥጋም፣ አጥንትም፣ ቆዳም አለ። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 ያመጣው ብልሃት ይህን ፈታ፤ ልብ በመታ ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚለውን ብርሃን ብቻ ለይቶ መቁጠር። ከፍ ዝቅ የሚለው በደም ቅዳ የሚፈሰው ደም ነውና ሌላው ሁሉ ከስሌቱ ይወጣል። አዮያጊ የሞተው በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ነው፤ ዓለም ሁሉ የእሱን መሣሪያ በሚሻማበት ወር።

አሁን ወደ ከፍታው እንሂድ። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ቦሌ ጋር ትተካከላለች። ቡራዩ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። በከተማ ስም ብቻ ከፍታን መገመትም አይቻልም፤ በሰበታ ዙሪያ ወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ የሚኖር ገበሬ ከሱሉልታ ነጋዴ በላይ ሊሆን ይችላል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢሆን ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። ከፍታ የሚቀንሰው የአየሩን ግፊት ነው። ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋው ግፊት ነውና፣ ሰበታ ላይ የሚተነፍስ ሰው ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ላይ ካለው ሰው ሩብ ያህል ያነሰ የኦክስጅን ግፊት ያገኛል፤ ሱሉልታ ላይ ጉድለቱ ወደ 30 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት «ጤናማ ሰው ከ95 እስከ 100 ነው» ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ልክ አይደለም። መጽሐፉ የተጻፈው ከባሕር ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ ነው። በእኛ ከፍታ ምንም የማያመው፣ ደረጃ ወጥቶ የማያለከልክ ሰው 92 ወይም 93 ቢያነብ የሚገርም ነገር የለውም።

ነገሩ ከንድፈ ሐሳብ አልፎ ሕክምና የሚወስን መሆኑን ኮሮና አሳየን። በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ የየአገሩ መመሪያ በእጃችን ገባ። የአሜሪካው የጤና ተቋም ከ94 በታች የሆነውን ሁሉ «ከባድ ሕመም» ብሎ መደበ፤ ግን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «በባሕር ጠለል ደረጃ» የምትል ሐረግ ነበረች። ብዙ ሰው ቁጥሯን አነበበ፤ ሐረጓን ዘለላት። ሐረጓ ከተዘለለች ሱሉልታ ላይ ጤነኛው ሰው ሁሉ በጽኑ የታመመ ሊባል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የሕፃናት ኦክስጅን መመሪያ ግን ከፍታ ቦታ ተሰጥቶታል። ከ2,500 ሜትር በታች ለሚኖር ሕፃን ከ90 በታች ሲሆን ኦክስጅን ይሰጠው ይላል፤ ከዚያ በላይ ለሚኖር ግን 87ና ከዚያ በታች እንደ መነሻ ሊወሰድ ይችላል ይላል። መስመሩ የት እንዳለፈ ተመልከቱ። ሰበታ ከመስመሩ በታች ናት፤ ሱሉልታ ከላይ፤ ቡራዩ እላዩ ላይ ተቀምጣለች። የሳንባ ምች ይዞት 89 ያነበበ ሕፃን ሰበታ ጤና ጣቢያ ከመጣ መመሪያው ኦክስጅን ስጡት ይላል፤ ያው ሕፃን ሱሉልታ ቢሆን ሐኪሙ ሌላውን ምልክት ይመለከታል። ጡት ይጠባል? ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ሲተነፍስ ያቃስታል? ከንፈሩ ጠቁሯል? ቡራዩ ላይ ያለው ሐኪም ባልደረባዬ ምን ያድርግ ብትሉኝ፣ ኦክስጅን በእጁ ካለ ይስጠው ባይ ነኝ። መስመሩን የሠራው ሰው ነው፤ ሕፃኑ 2,490 ሜትር ላይ ይሁን 2,510 ላይ ሳንባው አያውቅም።

«ታዲያ የደጋ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ቢል ችግር የለውም ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የደም ኦክስጅን ከግፊቱ ጋር እኩል እኩል አይወርድም። ከሱሉልታ ተነስቶ የጎጃምን መንገድ የያዘ ሰው ጫንጮን፣ ፍቼን እያለፈ ብዙ ሰዓት ደልዳላ አገር ይሄዳል፤ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ግን ምድሩ ድንገት ወደ አባይ ሸለቆ ይሰጥማል። ደማችንም እንዲሁ ነው። በደም ቅዳ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከ100 ወደ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲወርድ መሣሪያው የሚያሳየው መቀነስ ትንሽ ነው፤ ከ97 ወደ 90 ገደማ። ከ60 ወደ 40 ሲወርድ ግን ከ90 ወደ 75 ይወድቃል። የግፊቱ መቀነስ ከቀድሞው ግማሽ ሆኖ ሳለ፣ የቁጥሩ መውደቅ ግን እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ምሳሌ የጅቡቲ ሰው ጤነኛ ሆኖ የቆመው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነው፤ የሱሉልታ ሰው ጤነኛ ሆኖ የቆመው ጎሐ ጽዮን አፋፍ አጠገብ ነው። ሁለቱም ደኅና ናቸው። ሁለቱንም እኩል የሳንባ ምች ቢይዛቸው ግን ቶሎ ገደል የሚገባው የኛው ሰው ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ 92 አያስደነግጥም፤ ጧት 92 የነበረ ሰው ማታ 88 ቢሆን ግን በጣም ያስደነግጣል።

ደገኛው አካሉ ለከፍታ የተሠራ ነው የሚለው ወሬም የራሱ እውነት አለው። ሲንቲያ ቢል የምትባለው አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ፣ ኢትዮጵያዊ ባለሙያም ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክቶ አማካይ ሳቹሬሽናቸው 95.3 ሆኖ አገኘው። የቲቤት ሰዎች በተመሳሳይ ከፍታ ከዚያ በጣም ያነሰ ያነባሉ፤ የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ደግሞ ደማቸውን በሄሞግሎቢን ያወፍራሉ። የሰሜኖቹ ሁለቱንም አላደረጉም። ዓለም በዚህ ተገረመ። እኛ ግን ቶሎ መኩራራት የለብንም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖሩ ሰዎችን ሲለካ የሄሞግሎቢን ብዛቱ ከፍ፣ ሳቹሬሽኑ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። አንድ «የኢትዮጵያ ደገኛ» የሚባል ደም የለም። ደግሞም የሰበታ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ወጣት፣ ቡራዩ ቤት የተከራየችው እናት፣ ሁሉም እዚያው የተወለዱ አይደሉም፤ ከቆላ የመጣ ብዙ ነው። ከአፋር ወይም ከጋምቤላ የመጣ ሕመምተኛ ሱሉልታ ላይ ሲለካ ቁጥሩ ዝቅ የሚለው አንዳንዴ ከበሽታው ብቻ ሳይሆን ከመንገዱም ነው።

   

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ መሣሪያው ስለሚታለልባቸው ነገሮች። መሣሪያው የሚያየው ብርሃን ነው፤ ብርሃኑን የሚያዛባ ነገር ሁሉ ቁጥሩን ያዛባል።

በኅዳር ጧት ሱሉልታ ላይ ምን እንደሚሆን እንይ። አንዲት እናት ውርጩ ሳይለቅ ከገጠር በእግር መጥታ ካርድ ክፍል ተሰልፋ ቆይታ ትገባለች። እጇ በረዶ ነው። ነርሱ መሣሪያውን ጣቷ ላይ ይሰካል፤ 83 ይላል፣ 87 ይላል፣ ሰረዝ ያሳያል፣ እንደገና 84። ደም ከበረደ ጣት ስለሚሸሽ መሣሪያው የሚቆጥረው ምት አላገኘም። ጥሩ ነርስ ይህን ቁጥር አይጽፍም። እጇን በሁለት እጁ ይዞ ያሻሻል፣ ወይም በጋቢዋ ሸፍና እንድትቆይ ያደርጋል። ከዚያ መልሶ ይለካል፤ በሌላ እጁ የእጅ አንጓዋን ይዞ የልብ ምቷን ይቆጥራል። መሣሪያው 110 ምት እያለ እጁ 80 ከቆጠረ የኦክስጅኑም ቁጥር አይታመንም። ሁለቱ ሲገጥሙና ቁጥሩ ሳይዘል ሲረጋ፣ ያኔ 93 ብሎ ይጽፋል። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ግን አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ለሚያስፈልገው ሰው ይተርፋል።

የጥፍር ቀለም፣ ጥቁር ሂና፣ እንሶስላ የገባበት ጣት ብርሃን ሊጋርድ ስለሚችል ሌላ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ይሞከር። የቆዳ ቀለም ግን በሌላ ጣት አይፈታም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ያነበበላቸውን ሕመምተኞች ከደም ቅዳ በተወሰደ ደም አመሳከረ። እውነተኛው ልክ ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ላይ ነው። መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ላይ ሦስት እጥፍ ያህል ደጋግሞ አደጋውን ደብቋል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ከፍታውም አለብን፣ የቆዳችንም ቀለም አለብን፤ በደም ቅዳ ደም የሚያመሳክር መሣሪያ ደግሞ በየሆስፒታሉ የለም። መድኃኒቱ ለጊዜው አንድ ነው፤ ሕመምተኛው በደቂቃ ከመጠን በላይ የሚተነፍስ ከሆነ፣ የሚናገረው ከተምታታ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ መሣሪያው 94 ቢልም ሰውየውን እንመን።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን የከሰል ነገር ነው። ብርድ ሲጠና የከሰል ማንደጃ ቤት ውስጥ ገብቶ በርና መስኮት ይዘጋል። ከሰሉ አመድ ሲለብስ ጭሱ ያለቀ ይመስላል፤ በዓይን የማይታይ፣ ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን እየወጣ ነው። ይህ ጋዝ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። የያዘውን መቀመጫ በቀላሉ አይለቅም፤ ኦክስጅን ቦታ ያጣል። ተራው መሣሪያ ደግሞ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ራሱን የሳተ ሰው ጣት ላይ 98 ወይም 100 ይላል። ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው አንድ ላይ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ መፍዘዝ ከያዛቸው፣ ከሰል እንደነበረ ጠይቁ፤ ለነርሱም ቀድማችሁ ንገሩት። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ንጹሕ አየር፣ ቀጥሎ በሙሉ ኃይል ኦክስጅን ነው። በተራ አየር ጋዙ ከደም ግማሹ እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል።

አንድ ሌላ ስውር ነገር ደም ማነስ ነው። መሣሪያው መቶኛን እንጂ ብዛትን አይናገርም። ወልዳ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ሄሞግሎቢኗ 5 ቢደርስ፣ ያለው ሁሉ ኦክስጅን ስለያዘ 98 ታነባለች፤ ደሟ የሚሸከመው ኦክስጅን ግን 15 ሄሞግሎቢን ካላት ሴት ሲሶ ብቻ ነው። እሷን የሚያድናት ደም ነው፤ በ98 መጽናናት አያድናትም።

አሁን ወደ ሐኪም ቤቱ አልጋ እንምጣ። በአንድ ክፍል ስድስት ሰው ተኝቶ ስድስት የተለያየ ቁጥር ቢያነብ ስህተት አይደለም፤ የሚፈለግላቸውም ቁጥር የተለያየ ነው። ገና የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው ደቂቃ ከ60 እስከ 65 ማንበቡ ጤናማ ነው፤ ከ85 እስከ 95 የሚደርሰው አሥር ደቂቃ ሲሞላው ነው፤ ይህም ቢሆን በቆላ የተለካ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደውን ደግሞ ኦክስጅን ማትረፍረፍ ዓይኑን ሊያጠፋ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና 50ዎቹ በምዕራቡ ዓለም በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ በዚህ ታውረዋል። ዕድሜዋን በሙሉ በቅጠልና በባሕር ዛፍ እንጨት እንጀራ ስትጋግር የኖረች አያት ሳንባዋ በጭስ ከተጎዳ፣ ሐኪሙ የሚፈልግላት ከ88 እስከ 92 ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ኦክስጅን ቢለቀቅባት ትንፋሿ ሊዳከም፣ የቆሸሸው አየር በደሟ ሊጠራቀም ይችላል። ለሌላውም አዋቂ ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ፣ ለጽኑ ሕመምተኞች ያለ ልክ የሚሰጥ ኦክስጅን ሞትን እንደሚጨምር አሳይቷል። ኦክስጅን መድኃኒት ነው፤ መጠን አለው።

ይህን የምለው ግን በጥንቃቄ ነው፤ በእኛ አገር ከመብዛቱ ይልቅ ማጣቱ ብዙ ሰው ገድሏልና። መንግሥትም ይህን አይቶ ለኦክስጅንና ለፐልስ ኦክሲሜትር ብቻ የተዘጋጀ ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል። ያም ሆኖ ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው ኮንሰንትሬተር መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ሲሊንደር ያልቃል። ከዕቃው ማጠር ሌላ ፍርሃትም አለ። «ኦክስጅን ከተደረገለትማ አለቀለት» እያለ ቱቦውን ከአባቱ አፍንጫ የሚያወጣ ልጅ እናያለን። ኦክስጅን የሚሰጠው ለሚሞት ሰው ሳይሆን እንዳይሞት ለሚፈለግ ሰው ነው። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ቱቦው ሁለት ቀን አፍንጫው ላይ ቆይቶ፣ መድኃኒቱ ሳንባውን ሲከፍተው ተነቅሎለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው።

አንድ ልመና አለኝ፤ ለባልደረቦቼም ለእናንተም። ከሱሉልታ ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። በአምቡላንስ ኦክስጅን ተደርጎለታል፤ ከፍታውም ቀንሶለታል። ሆስፒታል ሲደርስ 95 ያነባል፤ ተቀባዩ ሐኪም ደኅና ነው ብሎ ወረፋ ሊያስይዘው ይችላል። ሱሉልታ ላይ ያለ ኦክስጅን 82 እንደነበር ካላወቀ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሪፈር የምትጽፉ ሁሉ ከቁጥሩ አጠገብ ሦስት ነገር ጻፉ፤ የት እንደተለካ፣ በስንት ሰዓት፣ ኦክስጅን ተደርጎለት ይሁን ሳይደረግለት፤ ከተደረገለትም በደቂቃ ስንት ሊትር። አስታማሚዎች ደግሞ ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት ይህ መጻፉን ጠይቁ፤ ካልተጻፈ ይጻፍልን በሉ። መብታችሁ ነው።